የኤልካና ዝምታ

ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ረቢዎች ለሰው የዕለት ተዕለት ጭንቀት ፍርድ መስጠት በሚማሩበት ቤት፣ ኤልካና ከአቪሻይ ጋር አንድ መጽሐፍ ላይ አጎንብሶ ሁለት ዓመት ተማረ። እዚያ ብቻውን የሚያጠና የለም፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲከራከሩ ይውላሉ። ከሰዓት በኋላ መምህሩ ረቢ ዘቡሉን አንድ ጉዳይ ያቀርባሉ። ልጅ በጠና ለታመመች እናቷ እውነቱን ትንገራት? ኤልካና የአበውን ቃል ከነገጹ ያንበለብለዋል። መምህሩ ጢማቸውን እያሻሹ ይሰሙትና «አቪሻይስ ምን ይላል?» ይላሉ።

ይቺ «አቪሻይስ» የኤልካናን አንጀት ታሳርር ነበር። ሰውየው እኮ ግማሹን ገጽ እንኳ አያስታውስም! «መጀመሪያ እናቲቱን እንወቃት፤ ምን ዓይነት ሴት ናት?» ብሎ ሲጀምር ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ኤልካና ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለጺቪያ የአቪሻይን ድምፅ እያስመሰለ ያንኑ ይደግምላታል። እሷ ግን አትስቅለትም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው ትለዋለች።

ከዚያ ሃይፋ ያለ አንድ ምኩራብ ረቢ ፈለገና ሁለቱም አመለከቱ። የምኩራቡ ኃላፊ አቶ ዛርፋቲ ለኤልካና ደወሉ። አቪሻይ «እኔን ኤልካና ያውቀኛል፤ እሱን ጠይቁ» ብሏቸው ነበር።

የሚቀና ሰው በተቀናቃኙ ላይ እንዳይመሰክር ኤልካና ተምሯል። ጥርጣሬ የሚያሳድር ዝምታም ራሱ ሐሜት መሆኑን ተምሯል፤ ይህንን ጀማሪ ተማሪም ያውቀዋል።

«ስለ አቪሻይ እንኳ ባልናገር ይሻለኛል» አለ።

አቶ ዛርፋቲ «ገባኝ» አሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኤልካና ዝምታ ግን ከውስጡ የነቀዘ ነበር። በሳምንቱ ሥራው ያንተ ነው ተባለ።

አቪሻይ ወሬውን ሲሰማ መጥቶ አቀፈው። «እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ምኔን እንዳልወደዱልኝ ባውቅ አርመው ነበር» አለው።

ኤልካና ይበልጥ ነደደ። ይሄ ሰው ሲሸነፍ እንኳ ያምርበታል! ሌላው ቢሆን ያኮርፍ ነበር፤ እሱ ራሱ ቢሆን ወር ሙሉ ባኮረፈ። አቪሻይ ግን የሌለበትን ነውር ራሱ ላይ ሊፈልግ ሄደ፤ ያንን ኤልካና ሊችለው አልቻለም። ስልኩን አነሳ።

«አቶ ዛርፋቲ፣ ያን ቀን አልናገርም ያልኩት አቪሻይ ነውር ኖሮበት አይደለም። ቀንቼበት ነው። አሁንም እቀናበታለሁ።»

አቶ ዛርፋቲ የአቪሻይን ማመልከቻ ጥለውት ነበር። ይህንኑ ነግረውት የአቪሻይን ስልክ ቁጥር ጠየቁት።

ኤልካና ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። የመጨረሻዋን አኃዝ እንዲያሳስት ምላሱን በላው። ቀስ ብሎ፣ ሳያሳስት፣ ሁለት ጊዜ ነገራቸው።