እናቴ በአቡጀዲ ጠቅልላ ያመጣችው

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ እንቅርቷን አስወጥታ ስትመለስ ልጠይቃት ሄድሁ። ክንዷ ላይ ያለችውን ትንሽ ስፌት አሳየችኝ። «ከእንቅርቱ ጀርባ ያሉት ዕጢዎች እንዳይጠፉ ብለው እዚህ ተከሉልኝ» አለች እየሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ምን ትለኝ ይሆን!

በወጣትነቴ ባሕር ዳር በአንድ ቤተ ሙከራ የቀዶ ጥገና ረዳት ነበርሁ። ክፍሉ ለጣና ቅርብ ስለነበር፣ ክረምት ሲገባ የደንገሉና የዓሣው ሽታ ከመድኃኒቱ ጋር ይደባለቃል። የተጠበሰ ዓሣ እስካሁን አልወድም። ዶክተራችን የጥንቸሎቹን አንገት ከፍቶ እነዚያን ደቃቃ ዕጢዎች ያወጣል። ለገሚሶቹ ወዲያው ጭናቸው ውስጥ መልሶ ይተክልላቸዋል፤ እነሱ ሰንብተው ይድናሉ። ያልተተከለላቸው እግራቸው እየተኮማተረ ይንቀጠቀጣሉ። ማየቱ ይከብድ ነበር።

ታናሽ እህቴ ሰኢዳ ሐሙሲት ከተማ ከእናታችን ጋር ጨርቅ ትነግድ ነበር። እንቅርቷ ከወጣ ወዲህ ጣቶቿ እየተኮማተሩ ጨርቅ በክንድ መለካት አቃታት። ሐኪሞቹ ደቃቆቹ ዕጢዎችም አብረው ወጥተዋል አሉ። ክኒኑ አንድ ቀን ቢረዳት በማግሥቱ ይተዋታል። አንድ ቀን ልታየኝ መጥታ የምትንቀጠቀጥ ጥንቸል አየች።

«ይህችስ እኔ ነኝ» አለች። ከጎኗ ሣር የምትበላ ሌላ ነበረች። «ለዚችስ ምን አደረጋችሁላት?»

«የራሷን መልሰንላት ነው» አልኋት። ይህን ይዛ ሐሙሲት ገብታ ለእናታችን ነገረቻት።

በእኛ ዘንድ ከሰው ገላ የተለየ ሥጋ አይጣልም። እናቴ የሰኢዳን እንቅርት ከነርሶቹ ለምና ተቀብላ፣ በአቡጀዲ ጠቅልላ መቃብር ዳር ቀብራው ነበር። ዓመት አልፎታል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እናቴ ጨንቋት መቃብር ቆፈረች።

ዝናቡ ባባራበት ቀን በአውቶቡስ ሁለቱም መጡ። የእናቴ ጥፍሮች ጭቃ ሞልቷቸዋል። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ዶክተር፣ ይኸው የእሷው ነው። ከእኔ እጅ በቀር የነካው የለም። ይመልሱላት» አለች።

ዶክተሩ ፈታው። አፈር ነበር፤ አፈርና የበሰበሰ ክር።

«እናቴ፣ የሚተከለው ሕይወት እያለው፣ በወጣባት በዚያችው ሰዓት ነው» አላት።

«እና ቀብሬ የገደልኋት እኔ ነኝ?»

ባይቀብሩትም አይተርፍም ነበር ብሎ ማለላት። አላመነችውም። ሰኢዳ በእነዚያ ጣቶቿ ጥቅሉን እንደምንም ቋጠረችው። «ተነሺ እማ፤ ቦታው እንመልሰው። እኔም የምሄደው እዚያው አይደል?» አለች።

ሰኢዳ ቀጣዩን ክረምት አልዘለቀችም። እናቴ ግን ብዙ ዓመት ኖረች። እንግዳ በተቀመጠበት ድንገት ወደ እኔ ዞር ትልና «በዚያችው ሰዓት ብቻ?» ትለኛለች። «አዎ እማ፣ በዚያችው ሰዓት» እላታለሁ። አላህ ይዘንላት፣ እሷም ካለፈች ቆየች። እኔም አሁን አርጅቻለሁ፤ ሰው እንደ ጎረቤቴ ልጅ ሲድን ሳይ ደስ ይለኛል፣ ወላሂ ደስ ይለኛል። ግን ቤት ገብቼ ብቻዬን ስቀመጥ ያ ጥያቄዋ ይመጣል፤ ጮክ ብዬ እመልስላታለሁ።