ሁለት መኪና የለመደ ቁልፍ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሚኒባስ ከዲላ ተነሣሁ። ሀዋሳ የሚኖረውን ልጄን ዮናስን ልጠይቅ ሳይሆን ልመረምር ነበር የሄድኩት። እንደምመጣም አልነገርኩትም።

ዲላ ያለው ቤቴ በሩ ጠባብ ስለሆነ መኪናዬ የምታድረው ዮናስ ግቢ ነው። በወር አንድ ጊዜ ሄጄ እነዳታለሁ፤ የኪሎ ሜትሯን ቁጥር በደብተሬ ጽፌ ቁልፉን ይዤ እመለሳለሁ። ቁልፉ ኪስ ውስጥ ሆኖ በር የሚከፍት፣ ሞተሩንም በአዝራር የሚያስነሣ ዓይነት ነው። ባለፈው ወር ዮናስ «ባትሪው ደክሟል፣ ላስቀይረው» ብሎ ወሰደው። ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሲመልሰው ቁልፉ አዲስ ሽፋን ለብሷል። ለአንዲት ክብ ባትሪ ሁለት ሰዓት? ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወዳጄ ከሀዋሳ ሲመለስ «መኪናህን ገበያ አጠገብ አየኋት» አለኝ። ያን ቀን ቁልፉ ዲላ፣ ትራሴ ሥር ነበር።

ማንበብንም መንዳትንም ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ። ያልገባኝን ነገር አላምንም።

አፖስቶ

ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር አራት ሆነን ተቀመጥን። አፖስቶ ስንደርስ ሹፌሩ ቆመ፤ ለልጅ ልጆቼ አንድ አናናስ በመቶ ብር ገዛሁ። አጠገቤ የነበረች የአቮካዶ ነጋዴ እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ አየችው።

«ጋሼ፣ መኪና እያለዎት ከእኛ ጋር ይጋፋሉ?»

«መኪናዋ ሀዋሳ ናት።»

«ታዲያ ቁልፉ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ይጠብቃታል።»

ከኋላ ያሉት ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ምሥራቅ

ሀዋሳ ደርሼ በባጃጅ ወደ ዮናስ ሰፈር፣ ወደ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ዮናስ ነው። አናናሱን አስያዝኩትና ቀጥታ ወደ መኪናዬ ገባሁ። ከደብተሬ ጋር ሳመሳክር ቁጥሩ በስልሳ ኪሎ ሜትር አልፏል።

«ማን ነዳት?»

«እኔ ነኝ አባባ» አለ፤ አልካደም። «የእኔ መኪና ጋራዥ በገባች ሳምንት ልጆቹን ትምህርት ቤት አደረስኩባት።»

«በምን ቁልፍ?»

የራሱን ቁልፍ አወጣ። «ይሄ ሁለቱንም ይከፍታል። ቁልፍ ሠሪው አስለመደልኝ።»

እኔ ሲለምድ የማውቀው በሬ ነው፣ ልጅ ነው። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ» አልኩት። አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ሐሳቤ ወደ ሠሪው ሄዷል፤ አንድ ቁልፍ ሁለት መኪና ማስለመድ የሚችል ሰው ሦስተኛ ቁልፍ ለራሱ ላለማስቀረቱ ምን ዋስትና አለ? «ውሰደኝ» አልኩት። እሱ በእሱ፣ እኔ በእኔ መኪና ሆነን ሄድን።

መናኸሪያ

ሠሪው መናኸሪያ አካባቢ ጠባብ ሱቅ ያለው ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሰርቀሃል እንደማለት አድርጌ ብናገረውም አልተቆጣም። ትንሽ መሣሪያ ይዞ ወጣና መኪናዬ መሪ ሥር ሰካ።

«መኪናዎ ሁለት ቁልፍ ታውቃለች። የእርስዎና የልጅዎ። ሌላ የለም።»

አላመንኩም። «የልጄንም አሳየኝ።»

ሰካ። «ይቺም ሁለት።»

«ይኸው!» አልኩ ወደ ዮናስ ዞሬ። «አንተ ያለህ አንድ ነው። ሁለተኛው ማን ጋ ነው?»

ሠሪው ልጄን አየው፤ ከዚያ እኔን። «እርስዎ ጋ ነዋ፣ ጋሼ። አሮጌውን ሰርዤ አዲስ ቁልፍ የሰጠሁት ለዚህ አይደል? ፋብሪካው የሠራው ቁልፍ ሁለት ጌታ አያውቅም። ይሄኛው ይለምዳል። ሁለተኛውን አዝራር ይጫኑት።»

ተጫንኩ። የዮናስ መኪና መብራቷን ሁለቴ ብልጭ አደረገች።

ዮናስ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ባለፈው በባልደረባዬ መኪና ሥራ ሄጄ፣ የእኔ መኪና ከኋላ ዘግታብዎት እስክመለስ ጠበቁኝ። ከእንግዲህ አንሥተው እንዲወጡ ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ያንን ብነግርዎ የእኔ ቁልፍ የእርስዎን እንደሚከፍትም መናገር ሊኖርብኝ ነው። ፈራሁ።»

ሠሪው መሣሪያውን ይዞ ቆሟል። «የልጅዎን ቁልፍ ከእርስዎ መኪና ልሰርዘው?» አለኝ። ከዮናስ ግቢ ስንወጣ ላስደርግ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ዮናስ መሬት መሬቱን ያያል።

«ተወው» አልኩ። ለዮናስ ግን «ሳታስፈቅደኝ ብታንቀሳቅሳት ራሴ መጥቼ አሰርዘዋለሁ» አልኩት። እሺ አለ።

ዲላ

ቤት የገባሁት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቴ «ሌባው ተያዘ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልጄ ሳያስፈቅድ መንዳቱ ጥፋት ነው፤ አሁንም ጥፋት ነው እላለሁ። ነገር ግን ልጅ አባቱን ፈርቶ በጎ ሥራውን ከጥፋቱ ጋር አብሮ የሚደብቅ ከሆነ፣ እንዲህ ያስለመደው ማነው? ደብተሬን አወጣሁ።

የዚህ ወር የኪሎ ሜትር ቁጥር መጻፊያው ባዶ ነው። ረስቼ ነው ብል ውሸት ይሆናል።