የአክስቴ ጽዋና የእበት ትንፋሽ

ከንጋቱ 12፡15፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ

ብርዱ አፍንጫዬን ቆንጥጦ ይዞታል። በአንድ እጄ ትኩስ የገብስ ቆሎ፣ በሌላው የተጠቀለለ ጥቁር የጋዝ ጎማ።

ጎማው ለአክስቴ ለጥሩወርቅ የገዛሁት ነው። አንኮበር ነው የምትኖረው። ከላሞቿ እበት ለምድጃዋ ጋዝ የሚያወጣ ጉድጓድ አላት። ትናንት የምድጃው ጎማ ተሰነጠቀ። ዛሬ ደግሞ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ተራው የእሷ ነው።

«ማኅበርተኞቹ በእበት ትንፋሽ የበሰለ አንበላም እያሉ ነው» አለችኝ በስልክ። «ዛሬ ካልበሉልኝ ጉድጓዱን እደፍነዋለሁ። ከጎረቤት ተለይቼ አልኖርም።»

ሹፌሩ ጋሽ በቀለ ጎማዬን አዩት። «እባብ ከሆነ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ።»

1፡30፣ መንገድ ላይ

የገብስ ክምር፣ በጎች፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ክምር። ከዚያ መሬቱ ድንገት ያልቅና ጉም ከገደሉ ሥር ሽቅብ ይመጣል። ስለ ጋዙ ለጋሽ በቀለ አስረዳኋቸው።

«እና ወጡ እበት እበት አይልም?»

«በኩበት የበሰለውስ ይላል እንዴ ጋሼ?»

ከኋላችን የተቀመጡት ሴትዮ ሳቁ። «መልስላት እንጂ!» ጋሽ በቀለ ማርሽ ቀየሩ።

3፡00፣ አክስቴ ጓዳ

አክስቴ ጎማውን ገጠመች፣ የሚያፈስ እንዳለ በሳሙና አረፋ ፈተሸች፣ ክብሪት ጫረች። ሰማያዊ እሳት። አክስቴ እፎይ አለች።

ማኅበርተኞች ለሥራ ቀድመው ይመጣሉ። የመጀመሪያዋ እትዬ ውድነሽ ናቸው፤ «አንበላም» ባዮቹን የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። በነጠላቸው ሸፍነው ኩበት ይዘው መጡ።

«አንቺ ጥሩወርቅ፣ የእኔን በዚህ ለይተሽ አብስይልኝ።»

አክስቴ ፊቷ ቢጠቁርም እንግዳ አትሞግትም። ትንሿን ድስት በኩበቱ ላይ ጣደች። እትዬ ውድነሽ እፍ ይላሉ፣ ያስላሉ፣ ዐይናቸውን ያብሳሉ። በዚህ በኩል እኛ እያወራን ሽንኩርት እናቁላላለን። እሳቸው በርጩማቸውን ትንሽ ወደ እኛ ሳቡ። ቆይተው ደግሞ ሳቡ። ወዲያ ማዶ ኩበቱ ብቻውን ይጨሳል።

በመጨረሻ፦ «እስቲ ያችን ድስት ወዲህ አምጫት። እዚያ አልበስል አለች።»

7፡00፣ ማዕድ

ቄሱ ባርከው ተቀመጡ። ወጡ ቀረበ። ሁሉም የሚያየው እትዬ ውድነሽን ነው። የአክስቴ እጅ ሞሶቡ ክዳን ላይ ቀርቷል። እትዬ ውድነሽ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ።

«ጨው አንሶታል» አሉ። ሁለተኛ ጎረሱ።

ከዚያ በኋላ እጅ ለእጅ ተጋጨን። ለእኔ ድስት መጥረግ ብቻ ደረሰኝ፤ ደስ ብሎኝ ጠረግኩት።

10፡00፣ መልስ

እትዬ ውድነሽ እስከ መኪናው ሸኙኝ። ጫፉ የተቋጠረ ረጅም ሲባጎ እጄ ላይ ጠቅልለው አኖሩ።

«ከበረቴ እስከ ጓዳዬ ነው። ስትመጪ ጎማውን በዚህ ልክ አስቆርጪልኝ።»

«ጉድጓዱ ሳይቆፈር?»

«ልጆቼ ነገ ይጀምራሉ።»

ጋሽ በቀለ ሲባጎውን አዩት። «ይኼስ? የእባቡ ልጅ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ገና ያድጋል» አልኳቸው።