መሪ ያጣ ዜማ

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መሪጌታ አምደሚካኤል መቋሚያቸውን ያነሳሉ። «በሉ እንግዲህ መሸ፤ ወደ ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። የተቀመጡት ግን እዚያው ደብረ ማርቆስ፣ ራሳቸው ባሠሩት ቤት፣ በገዛ ወንበራቸው ላይ ነው! ልጃቸው የኔዓለም «አባዬ፣ ቤትዎ እኮ ይኸው» ስትላቸው፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ ደግ ሰው ነሽ፤ ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?» ብለው በር በሩን ያያሉ። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ያሳፍራቸውና አንድ ዙር አዙሮ መልሶ ያመጣቸዋል።

ወይ እርጅና! ስንቱን ደቀ መዝሙር በዜማ ያበሰሉ ሰው እኮ ናቸው።

የኔዓለም የሙዚቃ መምህርት ናት፤ የምታስተምርበትን ኮሌጅ ኳየርም ትመራለች። አንጀቷን የሚበላት የአባቷ መርሳት ሳይሆን ያ ሲመሽ የሚይዛቸው ጭንቀት ነው። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ቤቱ ሲናፍቀው እንዴት ያስችላል? መድኃኒቱንም ጠበሉንም ሞከረች፤ አልሆነም። ኋላ አንድ ነገር ትዝ አላት። ልጅ ሳለች መብረቅ ሲያስፈራት፣ አባቷ ደብረ ኤልያስ ከመምህራቸው አፍ የተቀበሉትን የጥንት ግጥም ያንጎራጉሩላት ነበር፦

የታወከውን ልብ ማን ያረጋጋዋል፣
የበገናው ዜማ ቤቱ ያደርሰዋል።

በቃ፣ ክረምቱን ሙሉ ይህን ግጥም ለአራት ድምፅ ስታቀናብር ከረመች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሷ በሐሳብ ጭልጥ ትላለች፤ ወጡ ያርርባታል፣ ሻዩ ገንፍሎ ያልቃል። ሴቶቹ ይጀምራሉ፣ ወንዶቹ ዘግየት ብለው ይከተላሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ የጮቄ ተራራ ጉም ከሸለቆ ሸለቆ እንደሚንሳፈፈው። እንዲህ ያለውን ሰምቶ የማይረጋጋ ልብ የለም ብላ አመነች።

በጥቅምት ወር፣ አንድ እሁድ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ኳየሩ በመሪጌታ ግቢ ውስጥ ቆመ። ጀመሩ። አቤት ሲያምር! ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አሰገገ፣ ውሻው እንኳ ጋደም አለ። የኔዓለም እጇን እያወዛወዘች በጎን አባቷን ታያለች። የመሪጌታ ፊት ግን ጠቆረ፤ ብድግ አሉና መሬቱን በመቋሚያ መቱት።

«አቁሙ! ማነው መሪያችሁ? አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ! መምህር የላችሁም?»

ኳየሩ ዜማውን አቋረጠ። የኔዓለም መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በዜማ ቤት አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ አራት ሰው አራት መንገድ ከሄደ ተማሪው ተሳስቷል ማለት ነው። የመሪጌታ ልጅ ሆና ይህን መርሳቷ!

«ተቀበሉኝ» አሉ መሪጌታ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንኑ ግጥም በጥንት ዜማው መሩ። ድምፃቸው ተሰነጣጥቋል፤ ዜማው ግን አንዲት ቦታ እንኳ አልተሳሳተም። ኳየሩ እንደ አንድ ሰው ተቀበለ። የክረምቱ ልፋት ገደል ገባ፤ የኔዓለም ግን ግድም አልሰጣት፣ እንባዋ እየወረደ አብራ ትቀበላለች። ጌቱ የሚባለው ወፍራም ድምፅ ያለው ልጅ አላስችል ብሎት ከሥር ከሥር የራሱን ድምፅ ማንጎራጎር ያዘ። መሪጌታ ሰሙት። አንድ ዓይናቸውን ገልጠው አዩትና ዝም አሉት።

ደጋገሙት። በመሀል ጀምበር ጠልቃለች፤ መሪጌታም በሩን አላዩም። ሲደክማቸው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና መቋሚያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ግቢውን ቀስ ብለው ቃኙት።

«የኔዓለም» አሉ።

ስሟን ከሳቸው አፍ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! «አቤት፣ አባዬ?»

«ቤት ደረስን እንዴ?»

«አዎ፣ አባዬ። ደረስን።»

«እሰይ። በይ ለልጆቹ እራት ስጫቸው፤ ነገም ይምጡ፣ ገና አልበሰሉም።»