ካርቱን ተርጓሚው ጋሼ ጎሳዬ

ጋሼ ጎሳዬ ወጣት ሳሉ ዲላ ውስጥ በአንድ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ነበሩ። ከስክሪኑ ጎን ቆመው የህንዱንም የቻይናውንም ፊልም በአማርኛ ያስኬዱታል። ከቋንቋዎቹ አንዱንም አያውቁም። ተመልካቹም ይህን ያውቃል፤ የሚመጣው ግን ለእሳቸው ወሬ ሲል ነው።

ዛሬ ሰባ ሊሞላቸው ነው፤ አሜሪካ ፒከሪንግተን በምትባል ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ባለፈው ዓመት ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል አሮጌ ፕሮጀክተርና በካርቶን የታጨቁ አጫጭር ካርቱኖች ይዘው መጡ፤ በፈረንጆቹ ሃምሳዎቹ የተሠሩ። የፕሮጀክተሩ ድምፅ አይሠራም። ለእሳቸው ግን ይህ ሎተሪ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን እኔ አማርኛ አስተምሬ ስጨርስ፣ እሳቸው መብራት አጥፍተው ይጀምራሉ። እውነቱን ለመናገር እቀናለሁ። እኔ ክፍል ሲያዛጋ የዋለ ልጅ ሁሉ ለእሳቸው የፊት ወንበር ይጋፋል።

ከሁሉም የልጅ ልጃቸው ሔርሞን ትብሳለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አያቷ ያሉት ሁሉ እውነት ይመስላታል። ጋሼም ከዚህ የበለጠ የሚሳሱለት ነገር የላቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ጉድ መጣ። ጋሼ ፊልም አስቀድሞ የማየት ልማድ የላቸውም፤ ይህንንም አላዩትም። ስክሪኑ ላይ አንዲት ጥቁር ሴት፣ ልብስ አጣቢ ሆና ብቅ አለች። ከንፈሯ የፊቷን ግማሽ ይዟል፣ ዓይኗ ፈጧል። ሌላው ሰው ሁሉ አምሮ ተስሎ እሷ ብቻ መሳቂያ ናት። ትወድቃለች፤ ትነሳለች፤ ደግማ ትወድቃለች። ደሜ ፈላ። ጋሼ ደንግጠው፣ «ይህቺ የከተማዋ ከንቲባ ናት፤ ልብሱን ለድሆች ልታድል ነው» አሉ።

«አባባ፣ ትሩ አይደለም» አለች ሔርሞን። «ሜክ ፈን እያደረጉባት ነው። ብላክ ስለሆነች።»

ጋሼ ፕሮጀክተሩን አቁመው መብራት አበሩ።

«ልክ ነሽ፣ ዋሸሁሽ» አሉ። «እንዲህ አድርገው ሲስሉን እንዳታዪ ብዬ ነው። አፈርኩ። ከእንግዲህ አታምኚኝም አይደል? በቃ፣ ፊልሙን እጥለዋለሁ።»

እኔም ይጣል ባይ ነበርኩ። ሔርሞን ግን ሄዳ መብራቱን አጠፋችው።

«ኖ፣ ስታርት አድርገው። እኔ ልተርጉም። አንተም ከእኔ ጋ ቁም።»

ጋሼ ፕሮጀክተሩን አስነስተው አጠገቧ ቆሙ። አጣቢዋ ብቅ ስትል ሔርሞን ወገቧን ይዛ፣ «ሃይ፣ ስሜ ዓለምነሽ ነው። ሥራዬን እየሠራሁ ነው፤ ምን ያስቃችኋል?» አለች። ልጆቹ «ንገሪያቸው» እያሉ ከወንበራቸው ተነሱ። እኔም መቀመጥ አቃተኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሴትየዋ እንደገና ተደናቅፋ ተዘረረች። ሔርሞን የአያቷን እጅ ያዘች።

«እኔ አልወደቅኩም» አለች። «የሳሉኝ ሰዎች ናቸው የጣሉኝ።»