መንጋጋዬን የያዘው እጅ

መጀመሪያ የወደቀው የግራ ዓይኔ ቆብ ነው። ኅዳር ላይ በቆሎ ስንሸከም ውለን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ዓይኔ ክድን አለ። እጄ ኩንታል ያነሣል፤ ያችን ስስ ቆዳ ማንሣት ግን አቃተኝ። በጣቴ ገልጬ ያዝኳት። ጠዋት ስነሣ ደህና ሆና አገኘኋት። ማታ ደግሞ ወደቀች።

ይህን የምጽፈው ዓይኑ እየወደቀ፣ ሲያላምጥ መንጋጋው እየዛለ፣ “ድካም ነው፣ ይለቀኛል” እያለ ለተቀመጠ ሰው ነው። እኔም እንዲያ እያልኩ ሁለት ወር ተኩል ተቀምጫለሁ። ከሞኝነቴ የሚጠቅማችሁ ካለ ውሰዱ።

ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ቡሬ አጠገብ የማርስ ገበሬ ነኝ። ኩንታል ከመሬት አንሥቼ ብቻዬን መኪና ላይ የምጭን፣ የቢራ ቆርኪ በጥርሴ የምከፍት ሰው ነበርኩ። ጠላ ቤት ተቀምጠን ከሰው ገላ ብርቱው የቱ ነው የሚል ክርክር ሲነሣ፣ አንዱ ወገብ ነው ይላል፣ አንዱ ጭን ነው ይላል፣ አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ ምላስ ነው ይላል። እኔ አልከራከርም፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አወጣለሁ። ያ ሁሉ ጎልማሳ በሬ ሊገዛ እንደወጣ ሰው ክንዴን ይዳስሳል። ከዳሳሹና ከተዳሳሹ የቱ የባሰ ቂል እንደነበር እስካሁን አልለየሁም።

ታኅሣሥ ላይ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ቀጥሎ መንጋጋዬ ዛለ። የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች ደህና አድርጌ አኝካለሁ፤ ወደ ማዕዱ መጨረሻ መንጋጋዬ ወርዶ ይንጠለጠላል። ስለዚህ በእጄ ደግፌ መያዝ ለመድኩ። ድምፄም በአፍንጫዬ መውጣት ስለጀመረ ብዙ አልናገርም። በዚያው ሰሞን በድንበር የተጣሉ ወንድማማቾችን ልናስታርቅ ለሽምግልና ተቀመጥን። አገጬን በእጄ ይዤ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ዋልኩ። ስንነሣ አንዱ ሽማግሌ፣ እንዴት ያለ አስተዋይ ሰው ሆነሃል ብለው መረቁኝ። ዕድሜ ልኬን ክንዴን ሲያደንቅ የኖረ አገር በሽታዬንም አስተዋይነት ብሎ አደነቀልኝ። እኔም አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ሌሎቹ ደግሞ ሰነፈ አሉኝ። ጠዋት ግማሽ ጥማድ አርሼ ከሰዓት በኋላ ሞፈር መያዝ ሲያቅተኝ፣ “በሽታ ሰዓት ያውቃል እንዴ?” እያሉ ይሥቁብኛል። አዎን፣ ይሄኛው ያውቃል። ጸበል ተጠምቄያለሁ፤ ጸበሉን አልነቅፍም። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ሐኪም ቤትም እንሂድ ብትለኝ ግን አፌን ሞልቼ ተቆጣኋት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትለኛለች፤ እኔ አልሰማም።

ጥር መጨረሻ ላይ ውኃ በአፍንጫዬ ሲመለስ አየችና እየጎተተች ፍኖተ ሰላም ወሰደችኝ። ሐኪሟ የእጇ አንጓ እንደ ማሽላ አገዳ የቀጠነ፣ ገና ልጅ ናት። ይቺ ደግሞ ምን ታውቃለች ብዬ ናቅኋት። ዓይንዎን ሳያርገበግቡ ጣሪያውን ይመልከቱ አለችኝ። ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱም የዓይኔ ቆቦች ወደቁ። ከዚያ ከፊት ለፊት ካለው ሆቴል በረዶ አስመጣች። በጓንት ቋጥራ የግራ ዓይኔ ላይ ሁለት ደቂቃ ያዘችው። ስታነሣው ዓይኔ ቁልጭ ብሎ ተገለጠ። ጥሩወርቅ አማተበች።

“ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል” አለች ሐኪሟ። ጡንቻው አልሞተም፤ ከነርቭ የሚወርደው ትእዛዝ ነው የማይደርሰው። ከበሽታ ሊጠብቀኝ የተሠራው የገዛ ሰውነቴ መከላከያ ተሳስቶ መልእክቱን መቀበያው ላይ ይዘጋዋል። ጡንቻው በሠራ ቁጥር ይዝላል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። ይህን ሁሉ አስረድታኝ እኔ የጠየቅኋት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? “ክንዴስ?” አልኳት።

“ብርቱ የሚባለውን ከፈለጉ፣ ሲነክስ መንጋጋ ነው፤ ሲሸከም ጭንና መቀመጫ ነው፤ ሳያርፍ በመሥራት ልብ ነው” አለች። “ክንድ ቢዝል ሰው አይሞትም። እኔን የሚያሳስበኝ የሚውጡበትና የሚተነፍሱበት ነው። ከሳንባ ሥር ያለው ስስ ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ እሱ ከዛለ ይሞታሉ።”

ባሕር ዳር ልካኝ ደም ተመረመርኩ፤ ደረቴም ሲቲ ስካን ተነሣ። የተሳሳተውን መከላከያ የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ከምግብ ጋር፣ ትእዛዙን ለጡንቻው የሚያደርስ ፒሪዶስቲግሚን በየአራት ሰዓቱ ታዘዘልኝ። ሰዓቱን እንዳላሳልፍ፣ በራሴ እንዳላቋርጥ ሐኪሟ ደጋግማ ነገረችኝ። በሳምንቱ ዓይኔ ተገለጠ፣ ቆሎም ቆረጠምኩ። አይ ሰው! ወዲያው እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ሁዳዴ ገባ። ጾም የሚገድፍ ሰው ሳይ አፍንጫዬን የምነፋ ነበርኩ፤ ሕመምተኛም ቢሆን። ለንስሐ አባቴ ለመምሬ አበጀ ልንገራቸው ወይ ብዬ አስቤ ተውኩት። ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኋቸው። ስለዚህ ኪኒኑን ሁሉ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አደረግሁት። ለጥሩወርቅ ጠዋት ወስጃለሁ እያልኩ ዋሸኋት። ኩራት ራት ነው ይባላል። እኔ ምሳም ቁርስም አደረግሁት።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ነበር። ከቅዳሴ ተመለስኩ። ኪኒኑን በውኃ ጎረስኩ። አልወረደም። ውኃው በአፍንጫዬ ወጣ። ኪኒኑ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሳልኩ። መሳሉም አቃተኝ። አንገቴ ወደቀ። አየር ወደ ውስጥ አልገባ አለኝ። ክንዴ ደህና ነበር። ምን ላድርግበት?

ያ ክንዴን ሲዳስስ የኖረ ጎልማሳ በቃሬዛ አስፋልት አደረሰኝ። መኪና ተገኘ። አጋድመውኝ ምራቄ ሊያንቀኝ ሲል፣ ጥሩወርቅ ቀና አድርጋ ደረቷ ላይ አስደገፈችኝ። አንድ እጇን አገጬ ሥር፣ አንዱን ግንባሬ ላይ አደረገች። ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ ያ እጅ አልወረደም። ኦክስጅን ሰጥተው ወደ ባሕር ዳር ላኩኝ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባሁ። ቱቦ በጉሮሮዬ ገባ። ዘጠኝ ቀን ማሽን ተነፈሰልኝ።

ከዚያ መመለሱ አዝጋሚ ነው፤ ቱቦው ከወጣ በኋላ አንድ ማንኪያ አጥሚት ለመዋጥ አገጬን ወደ ደረቴ አድርጌ፣ አርፌ፣ እንደገና ሞክሬ፣ ሕፃን ልጅ የሚችለውን ነገር በሃምሳ ዓመቴ እየተማርኩ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ቤቴ ስገባም ከደጅ እስከ በረት ለመሄድ ሁለት ጊዜ እቀመጥ ነበር። መምሬ አበጀ ሊጠይቁኝ መጡ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

“ልጄ፣ ያን ሰሞን የጾምከው ለእግዜር ነው ለጎረቤት?” አሉኝ።

 ለሕመምተኛ መድኃኒቱ በሰዓቱ፣ ጾሙም በሚችለው ልክ መሆኑን ነግረውኝ፣ ኪኒኑን እፊታቸው ዋጥ አስደረጉኝ። ዘንድሮ በሁዳዴ ማለዳ ቁርሴን ከኪኒኔ ጋር በደጄ ተቀምጬ ስወስድ አላፊ አግዳሚው ያያል። ይይ! ያን ዕለት ማናቸውም አልተነፈሱልኝም።

እናንተ ዓይናችሁ የሚወድቅ፣ ማታ ማታ የምትዝሉ፣ ሂዱና ታዩ። ኪኒናችሁን በሰዓቱ ዋጡ። ለማንኛውም ሌላ ሕመም ሐኪም ቤት ስትሄዱ ማያስቴኒያ አለብኝ ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ይህን በሽታ የሚያብሱ አንቲባዮቲኮች አሉ። ስትውጡ ካነቃችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ነገ አትበሉ። ክንዳችሁን ለሚዳስስ ሰው ጆሮ አትስጡ። ያችን የናቅኋትን ሐኪም እግዜር ይስጥልኝ፤ ዛሬ በሯ ላይ ስደርስ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ።

ጥሩወርቅ ያን ዕለት አገጬን በያዘችበት እጅ ወር ሙሉ እንስራ ማንሣት አቅቷት፣ ክንዷን በነጠላዋ ሥር በጨርቅ አስራ እንደከረመች የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጠየቅኋት።

“አንተ ክንድህን ስታሳይ ማን የእኔን ጠየቀኝ?” አለች፣ ወደ ሥራዋ እየዞረች።

እውነቷን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ጥሩዬ፣ ይኸው ሰው ሁሉ እየሰማ ልጠይቅሽ፤ ክንድሽ እንዴት ነው?