ከመሪጌታው መዳፍ የወጣው እብጠት

ዶክተር መቅደላዊት ጎንደር ውስጥ ከሕሙማን ሰውነት ተቆርጦ የወጣን ሥጋ በማይክሮስኮፕ እያየች በሽታውን የምትለይ ሐኪም ናት። በሥራዋ የማትቸኩል ሰው ናት።

አንድ ጊዜ ድብ ባሕር ከሚባለው አገር የመጡት መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከጣታቸው ሥር እብጠት ወጥቶባቸው መቋሚያ መጨበጥ አቃታቸው። ቀዶ ሐኪሙ ደመቀ እብጠቱን አውጥቶ ላከላት። የተነሣው ከላብ ዕጢ ነበር። እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ ክፋት የለውም፤ ወሰኑን ጠብቆ ይቀመጣል። ካንሰር ሲሆን ግን ሥር እየሰደደ ዙሪያውን ይወርራል። የመሪጌታው ወሰኑን አላለፈም፤ በአንድ በኩል ግን የሴሎቹ መልክ ተዛብቶ አየችው።

ደመቀ፣ «ካንሰር ከሆነ ጣታቸው መቆረጡ አይቀርም» አላት።

«ቆይ፣ የቀረውንም ሁሉ ልየው» አለችው።

አንዲት ቁራጭ ሳታስቀር መረመረች። የወረረ ነገር አላገኘችም። ከዚያ ራሷ ወደ መሪጌታው ሄደች።

«የኔታ፣ ካንሰር አይደለም። ፍጹም ጤናማ ነውም አልልዎትም፤ በመካከል ያለ ነው።»

«ምነው ልጄ፣ ከሁለቱ አንዱን ብትነግሪኝ?»

«ያላየሁትን ብናገር ወይ ጣትዎን በከንቱ ያጣሉ፣ ወይ ተዘናግተው ይቀራሉ። ዳር ዳሩን ጥቂት ጨምረን እናንሣውና እየተመላለሱ ይታዩ።»

መሪጌታው፣ «ሸጋ፤ እንዳልሽው ይሁን» አሏት።

በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና የተነሣው ሥጋ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ቁስሉ ሲሽር መሪጌታው ወደ ማሕሌታቸው ተመለሱ። ዘንድሮም ለክትትል መጥተው ነበር፤ እብጠቱ አልተመለሰም። መቅደላዊት ይህን ስትሰማ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።